በረሃው ሲሰፋ ጀግናው ሲያንስ
(ስለ «ሎረንስ ኦፍ አረቢያ» አጭር ሂስ)

ከጓደኞቻችን መካከል «ትልቅ ፊልም ማለት ብዙ ግመልና ብዙ ብር ነው፤ ቁም ነገሩን እንደሆነ በትንሽ መስኮትም እናየዋለን» የሚሉ አሉ። ነገሩ ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ በግርግር ብቻ ዓይን የሚሞሉ ፊልሞች ሞልተዋል። ዴቪድ ሊን እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረበውን ይህን ፊልም ግን ከነዚያ ጋር መደመር ስሕተት ነው እንላለን።

እስቲ የውሃ ጉድጓዱን ትዕይንት እናስታውስ። ሎረንስና በደዊው መንገድ መሪ ውሃ ሊጠጡ ቆመዋል። ከአድማሱ፣ ከሚርገበገበው ሙቀት ውስጥ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቅ ትላለች። ሙዚቃ የለም። ነጥቧ ቀስ በቀስ ግመልና ጋላቢ ትሆናለች። ኦማር ሸሪፍ ነው። ጥይት ይጮኻል፤ መንገድ መሪው ይወድቃል። በትንሽ መስኮት ሲሆን ነጥቧን ማን ያያታል? «ምን ያስጠብቁናል?» ብለን እናዛጋለን። በሰፊው ሸራ ላይ ግን ዓይናችን ራሱ ፈልጎ ያገኛታል፤ ፍርሃቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ካሜራ ያዡ ፍሬዲ ያንግ በተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ፈንታ በ65 ሚሊ ሜትር ፊልም ያነሳው እንግዲህ ለጌጥ አይደለም።

ቅርጽና ይዘት አይነጣጠሉም ስንል የምንከራከረው ይኸው ነው። ሸራው ሲጠብ የሚቀርልን የፒተር ኦቱል ሰማያዊ ዓይንና ነጭ ቀሚስ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ፊልሙ ለአንድ የእንግሊዝ መኮንን የተደረደረ ፉከራ ይመስላል። ሸራው ሲሰፋ ያው ሰው በአሸዋው ላይ ከጉንዳን ያንሳል። ጋሲምን ከበረሃ አፍ ነጥቆ ሲመለስ ዕጣ ፈንታን ያሸነፈ ይመስለዋል፤ ቆይቶ ያንኑ ጋሲምን በገዛ ሽጉጡ ይገድለዋል። ነፃነት እናመጣላችኋለን ሲላቸው የነበሩትን አረቦች አገር ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1916 በምስጢር ውል ተከፋፍለውታል። በረሃው ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ያያል። ፈራጁ እሱ ነው።

ይህን ስንል ፊልሙን ከነጉድፉ እንዋጠው ማለታችን አይደለም። ልዑል ፋይሰልን የሚጫወተው እንግሊዛዊው አሌክ ጊነስ ነው፤ አውዳን ደግሞ ሜክሲኮ የተወለደው አንቶኒ ኲን። ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ሲሄድ አንዲት ሴት ቃል አትተነፍስም። ስፋቱም ራሱ ይዋሻል፦ ሰው የሚኖርበትን፣ ከብት የሚያረባበትን፣ ጉድጓዱን በስም የሚያውቀውን አገር ባለቤት የሌለው ባዶ ምድር ያስመስለዋል።

ታዲያ ይህም ቢሆን በደንብ የሚታየው በትልቁ ሸራ ላይ ነው። ከምረቃው በኋላ ተቆራርጦ የነበረው ፊልም በ1989 ተጠግኖ ወጥቷል። ዕድሉ ሲገጥመን በሙሉ ስፋቱ እንየው፤ ከዚያ እንከራከር። ነጥቧን ሳያይ የሚፈርድ ሐያሲ፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ የፊልሙን ግማሽ አላየም።