መርማሪው ዐይን፦ የኦምዱርማን ሠዓልያንና የሳይንስ ተማሪው

የሳይንስ ተማሪ ሥነ ጥበብን ሲወድ የሚነገርለት ታሪክ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ በቀመር የደረቀ ልብ በቀለም ረሰረሰ ይባላል። ይህ አተራረክ ሳይንሱን ስሜት አልባ፣ ሥዕሉን ደግሞ ዕውቀት አልባ ስለሚያደርግ ሁለቱንም ያሳንሳል። ከሱዳኗ የኦምዱርማን ከተማ የወጡ ሠዓልያንን ሥራ ላጤነ ሰው የሚታየው ሌላ ነው። የመመርመር ልማድ ወደ ሸራው ያስገባል እንጂ አያግድም።

የአገራቸው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ታሪክም ይህን ይደግፋል። ዘመናዊው የሱዳን የሥነ ጥበብ ትምህርት በ1946 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካርቱም ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተጀምሮ፣ በኋላ ወደ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተዛወረ። ዛሬም የሥነ ጥበብ ኮሌጁ የሚገኘው በሱዳን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው።

በ1930 ኦምዱርማን የተወለዱት ሠዓሊ ኢብራሂም ኤል ሳላሂ ፊደልን የቆጠሩት አባታቸው በሚያስተምሩበት የቁርኣን ትምህርት ቤት ነው። ከ1954 እስከ 1957 ለንደን በሚገኘው የስሌድ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው ሲመለሱ፣ ካርቱም ላይ ያሳዩት ሥራ የአገራቸውን ሰው አልሳበም። ሳላሂ ተመልካቹን አላዋቂ ብለው አልተቀየሙም፤ ሰዉ በየቤቱና በየገበያው ምን እንደሚያይ ማጥናት ጀመሩ። ያገኙትም የዐረብኛ ጽሕፈትንና የዕደ ጥበብ ጌጦችን ነበር። ከዚያ ፊደሉን በታትነው ክፍተቱን መረመሩ፤ ከተበተነው መስመር ውስጥ የሰው፣ የእንስሳና የዕፅዋት ቅርጾች ወጡ። ቀለማቸውንም ለዓመታት በአፈር መልክ፣ በነጭና በጥቁር ወሰኑ። ሌላው እንዲጠራ አንዱን ተለዋዋጭ ማሰር ማንኛውም የቤተ ሙከራ ተማሪ የሚያውቀው ሥርዓት ነው። ለዚህ ነው የሥነ ሕይወት ተማሪ በሳላሂ ሸራ ፊት ባዕድነት ሊሰማው አይገባም የምለው። «ምን ይመስላል?» የሚለውን ትቶ «ይህ ቅርጽ ከየትኛው መስመር በቀለ?» ብሎ ቢጠይቅ ሥዕሉ ይመልስለታል።

ሆኖም ከሳላሂም ይልቅ የሳይንስ ተማሪውን የሚፈትኑት ክሪስታሊስቶች የተባሉት ሠዓልያን ናቸው። የኦምዱርማኗ ተወላጅ ከማላ ኢብራሂም ኢስሐቅ፣ ከተማሪዎቻቸው ከሙሐመድ ሐሚድ ሻዳድና ከናይላ ኤል ጣይብ ጋር ሆነው በ1976 መግለጫቸውን በጋዜጣ አወጡ። የሳላሂ ትውልድ የሱዳንን ማንነት በቅርስ ውስጥ ሲፈልግ፣ እነዚህ ዓለምን ውስጡ በሚታይና ጥልቀቱ በማያልቅ ክሪስታል መሰሏት፤ ስለ ቁስ፣ ስለ ጊዜና ስለ መለኪያ ተከራከሩ። ሻዳድ በኤግዚቢሽን አዳራሽ የሚቀልጥ በረዶ አሳይተዋል። በካርቱም ሙቀት በረዶ ማቅረብ ቧልት የመሰለው ተመልካች ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ ለፊዚክስ ተማሪ የቀረበው ይህ ይመስለኛል። የቁስ ሁኔታ ለውጥን በመማሪያ መጽሐፍ ያነበበ ተማሪ፣ ለውጡ ራሱ ሥራው ሆኖ ሲቀርብለት «ታዲያ ሥዕሉ የቱ ጋ ነው? ሲቀልጥስ ምን ይቀራል?» ማለቱ አይቀርም። ክሪስታሊስቶቹ ሳይንስን ለጌጥ አልተዋሱም፤ መለኪያ በማይደርስበት ላይ ጥያቄ አነሡ።

ከማላ ኢስሐቅ ደግሞ የዛር ሥርዓት ላይ የተሰበሰቡ ሴቶችን አጥንተው ሥለዋል። ፊቶቹ የተዛቡ፣ አካላቱ እርስ በርስ የተቆላለፉ ናቸው። ዛር ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ፈረንሳዊው የባህል አጥኚ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ ያጠናው ነው። በሱዳን በኩል ሐኪሙ ቲጃኒ አል ማሒ በአእምሮ ሕክምና ዐይን መርምረውታል፤ ኦምዱርማን ውስጥም በስማቸው የተሰየመ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አለ። ሐኪሙ ሥርዓቱን አልናቁም፤ ሠዓሊዋም ምርምርን አልሸሹም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ የሕክምና ተማሪ፣ በሽተኛዋ በምርመራ ካርድ ላይ የማይሰፍር ፊት እንዳላት ከሸራው ይረዳል።

የኢትዮጵያው ምሳሌ ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ናቸው። ግብርና ለማጥናት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳይንስ ፋኩልቲ ገብተው፣ ሳይጨርሱ ለሥዕል ተዉት፤ ከ1957 እስከ 1961 ኮሎኝ ተማሩ። ይህን ጉዞ ከሳይንስ መኮብለል አድርጎ ማንበብ ይቀላል። ግን «የጠፈር ባይተዋር» የተሰኘውን ግጥም የጻፉትም እኚሁ ሰው ናቸው፤ የጠፈር ዘመን በቅኔያቸው ውስጥ ቀርቷል። ረቂቅ ሥዕሎቻቸው «የእኛ አይደሉም» ተብለው የተተቹት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ተመልካቹ የተዘጋጀው ታሪክ የሚተርክ ሥዕል እንዲያይ ስለነበር ነው፤ በቅርጽና በቀለም መካከል ያለውን ግንኙነት ማየት ሌላ ልምምድ ይጠይቃል። ያ ልምምድ ደግሞ ግራፍ ለሚያነብና ሞዴል ለሚሠራ ተማሪ ቅርብ ነው። ከ2008 ጀምሮ ሥራዎቻቸው በስማቸው በተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይታያሉ። ከአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ ብዙ አይርቅም፤ የፊዚክስና የሒሳብ መምህራን አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ እዚያ ቢያውሉት፣ ተማሪውም እንደ ቤተ ሙከራ ሪፖርት ያየውን ብቻ መዝግቦ ቢመለስ፣ ጅማሬው ይበቃዋል።