ነጥቧን ማን ያድርግ?

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ አንድ ያልተለመደ ነገር አደረጉ፤ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አኖሩ። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ፍቅር ገጽ ሙሉ የሚጽፍ ተማሪ ሞልቶ ነበር። ስለዚያች ነጥብ የጠየቀኝ ግን ትዝ አይለኝም። እውነትም ምን ያስጠይቃል? በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው «ገና» የሚለውን ሲያይ በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር፣ ዐረፍተ ነገሩ ይነግረዋል። «ዋና»ም እንደዚሁ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ሲሆን ይላላል፣ ቢሮ ሲገባ ይጠብቃል።

የነጥቧ ጉዳይ የመጣው አሁን ነው። ዛሬ የጋዜጣ መጣጥፍንም ሆነ የመሥሪያ ቤት ዜና መጽሔትን ለኮምፒውተር ሰጥቶ፣ የሰው አፍ ሳይነካው «ፖድካስት» አድርጎ ማውጣት ይቻላል። ማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አምሃ» የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን የሚያነብ ሥርዓት ይፋ ሲያደርግ አማርኛም አብሮ ነበረ። ማሽኑ ጎበዝ ነው፤ ትንፋሽ የሚወስድ ሁሉ ይመስላል። ነገር ግን ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ የጎደለውን የሚሞላው አንባቢው ነው። ማሽኑ ደግሞ በዙሪያው ካሉት ቃላት ተነሥቶ ይገምታል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ሲስት ግን አፍሮ ተመልሶ አያርም፤ በዚያው በሚያምር ድምፁ ይቀጥላል።

ሉማሜ ሳለሁ ስለ ሕፃናት ጤና የተጻፈና በማሽን የተነበበ ዝግጅት ከሰዎች ጋር ሆኜ ከስልክ አዳመጥሁ። የአዘጋጁን ስም መጥራት አያስፈልግም። «በልጅዎ ገላ ላይ ሽፍታ ከወጣ በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት» ይላል ጽሑፉ። ማሽኑ ቃሉን አላልቶ ጫካ የገባውን ሽፍታ አደረገው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ደሞ ሽፍታው ከየት መጣ?» ቢሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ትንሽ ቆይቶ «1/2 ማንኪያ» የሚለው ደረሰ። ማሽኑ ጭረቷን ዋጣትና «አንድ ሁለት ማንኪያ» ብሎ አለፈ። እዚህ ላይ ማንም አልሳቀም። ለምን ይስቃል? «አንድ ሁለት ማንኪያ» እኮ ጥሩ አማርኛ ነው! ግማሽ ማንኪያ የተባለው መሆኑን ያወቅሁት ጽሑፉን ከፍቼ ስላየሁ ብቻ ነው።

የእኔ ሙግት እንግዲህ ከዚህ ይነሣል። የሚያስቀው ስሕተት ራሱን ያጋልጣል፤ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው አማርኛው የሰመረለት ስሕተት ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ወደ ወረቀቱ ተመልሶ ያመሳክራል። በጆሮው ብቻ የሚኖር ሰው፣ ዐይነ ስውሩም ሆነ ፊደል ያልቆጠሩት እናት፣ ማመሳከሪያ የላቸውም። የሰሙት ጽሑፉ ራሱ ነው። ስለዚህ ድምፁ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው፣ በድምፁ ስሕተት ይበልጥ የሚጎዳው ሰው ሆኖ ተገኘ።

በዚህ አገር ለሌላው የሚያነብ ሰው አደራ ነበረበት። ጎረቤት ደብዳቤ ሲመጣለት ተማሪ ልጅ ይጠራል። ልጁ አስቀድሞ በዐይኑ ይሮጥበታል። መርዶ ካየ ዝም ብሎ አያነበንበውም፤ ትልልቅ ሰዎችን ይጠራል፤ መርዶ በወጉ ይነገራል። ፊደል መለየትና ማንበብ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውንስ ለምሥራቅ ጎጃም ማን ያስተምረዋል? የቆሎ ተማሪ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ንባብ ይማራል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እየተባለ፣ የትኛው ቃል እንደሚነሣ የትኛው እንደሚወድቅ የኔታ በጆሯቸው እየሰሙ ያርሙታል። አንድ ቃል ያለቦታው ከጠበቀ ሰሙም ወርቁም ይጠፋልና።

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ፣ መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ጉዱ ካሣንና ፊታውራሪ መሸሻን እንደ ጎረቤቱ አወቃቸው። የድምፁ ውበት ብቻ አይደለም ይህን ያደረገው። ጉዱ ካሣ መቼ እንደሚያፌዝ፣ ፊታውራሪ መቼ እንደሚቆጡ ገብቶት ነበር ያነበበው። ቢሳሳትም ስሙ ይታወቃል፤ «ወጋየሁ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚለው ያገኘዋል። ለ«መቅደስ» ይህን ማን ይንገራት?

ማሽኑ ይቅር ማለቴ አይደለም። በወጋየሁ ድምፅ የሚተረክ መጽሐፍ ስንት ነው? ዕለት ዕለት የሚታተመውን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው አይገኝም። ዐይነ ስውር ተማሪ የሚያነብለት ጓደኛ ሳይለምን አንድ መጣጥፍ ጀምሮ መጨረስ ከቻለ ትልቅ ነገር ነው። አገልግሎቱ ይስፋፋ እላለሁ። የምቃወመው «ራሱ ያነበዋል» ብሎ ቁልፉን ተጭኖ መሄድን ነው።

መፍትሔውም ሰማይ አይደለም። ለማሽኑ የሚሰጠው ቅጂ ለብቻው ይዘጋጅ፤ ቁጥሩ በፊደል፣ አሕጽሮቱ ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ ማሽኑ የሚሳሳትበት ቃል በሌላ ይለወጥ። ዝግጅቱ ሲጀመር አንባቢው ማሽን መሆኑ፣ ያረመው ሰው ደግሞ እገሌ መሆኑ ይነገር። ከሁሉ በላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ጽሑፉን ይዞ ያዳምጠው። «ይህማ ሰውና ገንዘብ ይፈልጋል» የሚል አይጠፋም። የአሥር ደቂቃ ዝግጅት ለማዳመጥ የሚፈጀው አሥር ደቂቃ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ያን ወፍራም መጽሐፍ ሲጽፉ ነጥቧን አንድ በአንድ እያኖሩ ሄደዋል። የዛሬው አዘጋጅ ለሁለት ገጽ መጣጥፍ ያን ያህል ካልደከመ፣ እናትየው ስንት ማንኪያ እንደሚሰጡ የሚወስነው የማሽኑ ግምት ነው።