«ይስተካከል»… እሺ፣ በምን?

እኔ የምለው… «ሐበሻ አስተያየቱን ፊት ለፊት አይሰጥም» ያለው ማነው? የጋራ ሰነድ ሊንክ ይላክለትና እዩት!

ጉግል ዶክስ የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ሰው በየቤቱ ሆኖ በአንድ ጊዜ አንድ ጽሑፍ ላይ የሚሠራበት ነው። አስተያየት የሚሰፍረው በቀኝ ኅዳግ ነው። አስተያየቱ ያረፈበት ቃል ቢጫ ይቀባል፣ ከሥሩ መልስ ይጻፋል፣ በ«አት» ምልክት የሰው ስም ከተጠራም ለዚያ ሰው ኢሜይል ይደርሰዋል። ግሩም ነገር ነው። ችግሩ እኛ ወደዚያ ኅዳግ ይዘነው የገባነው ቋንቋ ነው።

አንዲት ወጣት ባለሙያ (የመሥሪያ ቤቷ ስም ይቅርብን) ያዘጋጀችውን የ12 ገጽ ሪፖርት አሳየችኝ። ስድስት ሰው አስተያየት ሰጥቶበታል። ገጹ ከላይ እስከ ታች የአደይ መስክ መስሏል! ግን ምን ተባለ? «ይስተካከል»። «ይታይ»። «ይጠናከር»። አንዱማ የጥያቄ ምልክት ብቻ አስቀምጦ ሄዷል። በምን ይስተካከል? ማን ይየው?

ቢሮ የሠራ ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ደብዳቤ ሲገባ ኃላፊው ጫፉ ላይ «ለአቶ እገሌ፣ ታይቶ ይቅረብ» ብሎ ይፈርምና ይመራዋል። እዚያ ላይ ማጠሩ ልክ ነው፤ ሥራው ወረቀቱን ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ማሻገር ነዋ! ጽሑፍ ማረም ግን መምራት አይደለም። «ይህ ዓረፍተ ነገር ግልጽ አይደለም» የሚል አራሚ ሥራውን ገና አልጀመረም። «እዚህ ጋ ‹እነሱ› የተባሉት ገበሬዎቹ ይሁኑ ነጋዴዎቹ አልገባኝም» ያለ እንደሆነ ግን ጸሐፊው ወዲያው ብዕሩን ያነሣል። ተማሪዎቼን ሳርም በነበረበት ዘመን በቀይ እስክሪብቶ ያየሁት ልዩነት ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሊንኩ ለሁሉም ክፍት ከሆነና ሰውዬው በስሙ ካልገባ፣ ጉግል የእንስሳ ስም ይሰጠዋል። ስም የለሽ ግመል፣ ስም የለሽ ጉማሬ እያለ ማለት ነው። (ጅብ የመጣ ቀን እኔ ኮምፒዩተሩን እዘጋለሁ።)

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ሪዞልቭ» የምትባለዋ ምልክት ናት፤ በእኛ «ተፈታ» ማለት ነው። እሷን ሲጫኗት አስተያየቱ ከኅዳጉ ይሰወራል። ጨርሶ አይጠፋም፤ የአስተያየቶቹን ታሪክ የከፈተ ያገኘዋል። ግን ማን ይከፍታል?

ልጅቷ ገጽ 4 ላይ ጥያቄ አስፍራ ነበር። ንጹሕ ውኃ አገኙ የተባሉት አባወራዎች ቁጥር ከወረዳው ሪፖርት በእጅጉ ይበልጣል፤ «የትኛውን ልያዝ?» ነው ያለችው። አለቃዋ አንዲት ቃል አልመለሰም። ምልክቷን ተጫናት። ተፈታ! ትልቁ ቁጥር እንዳለ ቁጭ ብሏል፤ ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ» ተብሎ የሚወጣው ስም ደግሞ የእሷ ነው። ነገ የወረዳው ሰው «ይህን ቁጥር ከየት አመጣሽው?» ብሎ የሚጠይቀው ምልክቷን የተጫናትን ሰው አይደለም።

መፍታትን የሚያውቁት የአንድምታ መምህሮቻችን ናቸው። ንባቡን ይፈቱና «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፤ ደግመው «አንድም» ይላሉ። ኋለኛው ፊተኛውን አይሰርዘውም፤ ተማሪው ሁሉንም ይዞ ነው የሚሄደው። እዚያ ቤት «ፈታሁ» ያለ ሰው ምን ብሎ እንደፈታ ይናገራል። ሪፖርት አንድምታ ይሁን አላልኩም፤ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚታተመው። የቀረው ቁጥር ለምን እንደቀረ ግን ከሥሩ አንድ መስመር ቢጻፍ ማንን ይገድላል?

ደግነቱ የተዘጋ አስተያየት መልሶ ይከፈታል። «ክፈችው» አልኳት። ከፈተችው፤ ከሥሩ የሁለቱን ሪፖርቶች ቁጥርና ቀን ጻፈች፣ አለቃዋንም በ«አት» ጠራቻቸው። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። እስካሁን የመጣው መልስ «ይታያል» የሚል ነው።