ባሕሩ ከፍ አለ ወይስ ምድሩ ዝቅ አለ?

ስለ ባሕር ጠለል አለካክ አጭር ትችት

በጂኦግራፊ መጻሕፍት የከላላና የመካነ ሰላም ደጋ ከፍታ ሲነገር «ከባሕር ጠለል በላይ» ይባላል። አነጋገሩ ባሕሩ ከቶ የማይነቃነቅ መነሻ ያስመስለዋል። ነገር ግን ባሕሩም ይለወጣል። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ጉባኤ በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) እንደ ገለጸው፥ የዓለም ባሕር ከ1901 እስከ 2018 በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። እኛ ቍጥሩን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ይህ አማካይ ለየወደቡ ሁሉ እንደሚሠራ አድርጎ መጥቀስን ነው።

በወደብ የተተከለ መለኪያ የውሃውን ከፍታ የሚነግረን ከቆመበት ምድር አንጻር ብቻ ነው። ምድሩ ከሰጠመ ባሕሩ አብዝቶ የወጣ ይመስላል፤ ምድሩ ከተነሣ ደግሞ የጎደለ ይመስላል። ልኩ ከ1774 ጀምሮ በሚመዘገብበት በስቶክሆልም ውሃው ሲጎድል ይታያል፤ ይኸውም የጥንቱ በረዶ ከቀለጠ ወዲህ ሸክም የቀለለው ምድር ከፍ በማለት ላይ ስለ ሆነ ነው። በማኒላ ግን የከርሰ ምድር ውሃ አብዝቶ ስለሚቀዳ ምድሩ ይሰጥማል፤ መለኪያውም የባሕሩን መውጣትና የምድሩን መስጠም ደምሮ ያሳያል።

ነገሩ ከእኛ ደጋ የራቀ አይደለም። ከከላላ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ዐባይ ይገባል። የግብፅን ዴልታ በአብዛኛው ያለማው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ደለል ነው። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1970 ከተፈጸመ ወዲህ ግን ደለሉ ወደ ባሕሩ ዳር አይደርስም፤ ዴልታው ሲሰጥም የሚተካው አፈር የለም። እንግዲህ በዓለም አማካይ ብቻ ተማምኖ ግንብ የሚሠራ ሰው እርሻውን ለጨው ውሃ አሳልፎ ይሰጣል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ስለ መዝገቡ ነው። በ1933 የተቋቋመው የሊቨርፑሉ የባሕር ጠለል መዝገብ ቤት ከብዙ አገሮች ልክ ይሰበስባል። ረጅሙ መዝገብ በአብዛኛው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሲሆን፥ የአፍሪካ ጥቂትና የተቈራረጠ ነው። ከቀይ ባሕር መግቢያ አጠገብ ያለው የኤደን መዝገብ እንኳ ከ1879 ቢጀምርም በመካከሉ ብዙ ክፍተት አለበት።

ከ1992 ወዲህ ባሕሩን ሳተላይት ከሰማይ በትክክል ይለካዋል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሳተላይቱ ከወደቡ ሥር ያለው ምድር መስጠሙን በዚያ ልክ አይነግረንም። ስለዚህ በየመለኪያው አጠገብ የምድሩም ከፍታ ሳይቋረጥ ሊለካ ይገባል፤ ቍጥር የሚጠቅስም ሰው የባሕሩን ብቻ ወይስ የሁለቱን ድምር እንደ ሆነ ለይቶ ይናገር።