አለን ዳውሰን፦ የሚያዜም ድራመር

የአለን ዳውሰን ስም በጃዝ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በተማሪው በኩል ነው። ቶኒ ዊልያምስ ቦስተን ውስጥ በልጅነቱ ከእርሱ ተምሮ፣ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ገና በ17 ዓመቱ የማይልስ ዴቪስ ቡድን ድራመር ሆነ። ለመምህር ይህ ትልቅ ኩራት ነው። ዳውሰንን በዚህ ብቻ ማስታወስ ግን ሙዚቀኛውን ይቀብረዋል።

በ1929 በፔንሲልቬንያ ተወልዶ በቦስተን ሮክስበሪ ያደገው ዳውሰን፣ በ1953 ከላዮኔል ሃምፕተን ጋር አውሮፓን ዞሯል። ስም የሚገኘው ኒውዮርክ በነበረበት ዘመን ቦስተን መኖርን መረጠ፤ ከ1957 ጀምሮም ለ18 ዓመታት ያህል በዚያው በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማረ። (የእኛው ሙላቱ አስታጥቄም በበርክሊ የተማረው በዚያው ዘመን ግድም ነው።)

የማስተማር ዘዴው ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው «ሩዲመንታል ሪቹዋል» የተባለውን ረጅም ልምምድ ነው። ተማሪው የድራም መሠረታዊ ምቶችን አንዱን ከሌላው እያያያዘ በቃሉ ይወጣል፤ እግሩ ከሥር የሳምባ ምት ይጠብቃል። ዳውሰን ይህን በዱላ ሳይሆን በብሩሽ ማስጠናት ይወድ ነበር። ዱላ ነጥሮ ስለሚመለስ እጅን ያግዛል፤ ብሩሽ ግን ሥራውን ለእጅ ይተወዋል። የቴድ ሪድን የሲንኮፔሽን መጽሐፍም እንዲሁ ይጠቀምበት ነበር፦ አንዱን የታተመ መስመር በስኔር፣ በቤዝ ድራም፣ ወይም ለሁለቱ አከፋፍሎ በብዙ መንገድ ያስመታል።

የዘዴው ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። ተማሪው ይህን ሁሉ ሲመታ የአንድ ዘፈን ዜማ ድምፁን አውጥቶ ማዜም ነበረበት። በ32 ባር ዘፈን መሃል ብቻውን የተተወ ድራመር የት እንደደረሰ የሚያውቀው ዜማው በውስጡ ሲቀጥል ነውና። በአብነት ትምህርት ቤት ከበሮና ጸናጽል የሚያዙበት አቋቋም ከዜማ በኋላ እንደሚመጣ የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንም። ከዳውሰን ሞት በኋላ፣ በ1997፣ ጆን ራምሴ ዘዴውን በመጽሐፍ ማሳተሙ ትልቅ ውለታ ነው። ያም ሆኖ ልምምዱን ያለ ዜማ የሚወጣው ሰው የሚያተርፈው የእጅ ፍጥነት ብቻ ይመስለኛል።

ማስረጃው በሸክላዎቹ ላይ አለ። በ1968 የጆ ሞሬሎን ቦታ ይዞ ከዴቭ ብሩቤክ ጋር መሥራቱ ሰፊ አድማጭ አስገኝቶለታል። እኔ ግን የማስቀድመው ከዚያ በፊት በ1963 እና በ1964 ከቡከር ኧርቪን፣ ከጃኪ ባያርድና ከሪቻርድ ዴቪስ ጋር የቀዳቸውን «ዘ ፍሪደም ቡክ» እና «ዘ ስፔስ ቡክ» ነው። የኧርቪን ሳክስፎን ሲጋልብ ዳውሰን በጩኸት አይፎካከረውም፤ ሐረጉ የሚያልቅበትን ቀድሞ አውቆ እዚያ ይጠብቀዋል።

በ1975 በጀርባ ሕመም ምክንያት በርክሊንና የሙዚቃ ጉዞን ትቶ በሌክሲንግተን መኖሪያ ቤቱ ማስተማር ቀጠለ። ቴሪ ሊን ካሪንግተንን የመሳሰሉ ድራመሮች ከእርሱ ተምረዋል። የካቲት 1996 አረፈ። ዳውሰንን ለማወቅ የሚሻ ከተማሪዎቹ ዝርዝር ሳይሆን ከ«ዘ ፍሪደም ቡክ» ይጀምር።