ሃያ በመቶ ስንት ሴቶች ናቸው?

የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት 1.8 ሚሊዮን ሴቶችን ተከታትሎ፣ በሆርሞን የሚሠራ የወሊድ መከላከያ የሚወስዱት ወይም በቅርቡ የተዉት፣ ፈጽሞ ካልወሰዱት ይልቅ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ20 በመቶ እንደሚበልጥ ገለጠ። ትጋታቸው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ጡት ማጥባትንና የአልኮል መጠጥን ከሒሳብ አለማስገባታቸው ጉድለት ነው። ይልቁንም 20 በመቶን ብቻውን የሚያወራ ሰው አንባቢን ያስደነግጣል እንጂ አያስተምርም። ጭማሪው ሲቈጠር በዓመት ከ7,690 ሴቶች አንዲት፣ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በታች ከሆኑት ደግሞ ከ50,000 አንዲት ብቻ ናት። ክኒኑ የእንቁላል ዕጢ ካንሰርን የሚቀንስ መሆኑም በሚዛኑ በሌላው ወገን መቀመጥ አለበት። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ግን፣ ክኒን ብትወስድም ባትወስድም፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው ብላ አትዘናጋ፤ ሳትውል ሳታድር ለሐኪም ታሳይ።