ጭራቅ ማብላት

በተረታችን ጭራቅ ሰው በሊታ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ባንዳይ ኩባንያ ዲጂሞን የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ሲያወጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ልጁ ጭራቁን አብሊ ሆነ። ከመዳፍ በማትበልጥ መጫወቻ ውስጥ እንቁላል ይፈለፈላል። ከዚያ በኋላ ሥራው ማብላት፣ ኩሱን መጥረግ፣ ማሠልጠን፣ ሲያንቀላፋ መብራት ማጥፋት ነው።

እኔ ለዚህ ጭራቅ የምወድለት ቂሙን ነው። ስንቴ እንደተዘነጋ ይቆጥራል፤ አድጎ የሚይዘው መልክም በዚያው ይወሰናል። በወጉ የተያዘው ግርማ ያለው አውሬ ይወጣዋል፤ ችላ የተባለው ዝልግልግ ቀንድ አውጣ መሳይ ሆኖ ያርፋል። ከሞተም ሞተ፤ እንደገና ከእንቁላል መጀመር ነው።

ይህ ለመቱና ለጎሬ ልጅ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ኢሉባቦር ውስጥ ቀፎ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ንቡ ግን ደስ ካላለው ጥሎ ይሄዳል። «ይቺ ጫጩት ያንተ ናት» የተባለ ልጅም አንድ ቀን ቢዘናጋ ጭልፊት አይምረውም።

በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ማይ ቶኪንግ ቶም፣ በስልክ የሚያድገው ድመት፣ ቢራብ ያኮርፋል እንጂ አይሞትም። ስለዚህ ይቀልላል። የዲጂሞን ፍቅር የሚጠናው ሊታጣ ስለሚችል ነው።

እናም የመቱ ዝናብ ቤት ያዋለው ልጅዎ «ቆይ፣ ላብላው» ቢልዎት ቶሎ አይቆጡት። ከራሱ ሌላ የሚራብ እንዳለ እየተማረ ነው።